የቀዩ ናስትሮ ጫፍ

ባለ ምግብ ቤቱ እንዲህ አለ፤ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሰውየው መብራቱን ሳያጠፋ ነው ማሞቂያው ውስጥ እጁን የከተተው። ጩኸት ሰምቼ ጓዳ ሮጬ የመብራቱን ብሬከር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በርቶ ነበር፤ ምንም አልተለጠፈበትም።»

የሟች ሚስት፣ የምግብ ቤቱ ዋና አብሳይ ደግሞ እንዲህ አለች፤ «ዐይኔ እያየ አጥፍቶ፣ ማንም እንዳያበራው ቀይ ናስትሮ ለጠፈበት። ሃያ ዓመት ማሞቂያ ሲጠግን ሳይለጥፍ መፍቻ አንስቶ አያውቅም። ስሙን አታጥፉብኝ። ለልጆቼ የተረፋቸው ስሙ ብቻ ነው።»

ባልደረቦቹ «ወንፊት» የሚሉት መርማሪ ሁለቱንም ቃል ጻፈ። ሬሳው ተነሥቷል፤ ትልቁ የምግብ ማሞቂያ ግን የጎን ክዳኑ እንደተፈታ፣ ብሎኖቹ በሾርባ ሳህን ተለቅመው ወጥ ቤቱ መሐል፣ ከደህናው ትንሽ ማሞቂያ ጎን ቆሟል።

«ጩኸቱ ሲሰማ የት ነበሩ?» አላት።

«ባንኮኒው ጋ። ሾርባው ቀዘቀዘ ብለው እኚህ ሲጮሁብኝ። ያኔ ባሌ ሽቦ ሊያመጣ ወደ መኪናው ወጥቶ ተመለሰ፤ ባጠገቤ ነው ያለፈው።»

«እውነቷን ነው» አለ ባለ ምግብ ቤቱ። «ታዲያ ለምሳ እንግዳ የበረዶ ሾርባ ላቅርብ?»

መርማሪው ወደ ረዳት አብሳዩ ዞረ። የሴትዮዋ ታናሽ ወንድም ነው። «አንተስ?»

«ጓዳ ሽንኩርት ስልጥ ነበር፣ ጋሼ። ምንም አልነካሁም።»

«ነካህ ያለህ አለ እንዴ?»

የብሬከሩ ሳጥን ያለው እዚያው ጓዳ ነው። የዓመታት ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል። ከአንዱ ብሬከር ላይ ግን የጣት ስፋት ያህል ቦታ አዲስ እንደተወለወለ ያበራል። መርማሪው አጎነበሰ። ከሳጥኑ በታች ካለው መደርደሪያ ጠርዝ ሥር ነጫጭ ፕላስተሮች ተለጥፈዋል፤ የሁሉም ጫፍ ታጥፏል። ከመካከላቸው አንዱ ቀይ ነው፤ ገለጥ ሲያደርገው የሚጣበቅበት ሆዱ በቅባት ጠቁሯል፤ ጫፉ ታጥፏል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የዕቃ መለያ ናቸው» አለ ባለ ምግብ ቤቱ። «ፕላስተር አይጣልም፤ ተልጦ እዚያ ይቀመጣል። ሁለተኛ ለማንሣት እንዲመች ጫፉ ይታጠፋል። እሷ ናት ያስለመደችን።»

ሦስቱንም ማሞቂያው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ሁለታችሁም አልዋሻችሁም» አለ። «ናስትሮው ነበር፤ ሲነሣ ቅባቱን ይዞ ተነሥቷል። እርስዎ ሲደርሱ ግን ተልጧል። ጠጋኝ ናስትሮ ሲልጥ ጠቅልሎ ይጥላል። ጫፍ አጥፎ የሚያኖር የወጥ ቤት እጅ ነው። እርስዎና እሷ ባንኮኒው ጋ ነበራችሁ።»

የወንድምየው ፊት አመድ መሰለ።

«ያ ብሬከር የተበላሸውንም ደህናውንም ማሞቂያ ነው የሚይዘው። ሲጠፋ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ጩኸት መጣ። አንድ ሰው ጠጋኙ ሲወጣ አይቶ ጨርሷል አለና ናስትሮውን ልጦ አበራ። ጠጋኙም ናስትሮውን አምኖ ተመልሶ እጁን ከተተ። ክፋት የለበትም። የለመደ እጅ ግን ጌታውን አይጠይቅም።»

«ይሄ ፍርድ ቤት ይቆማል?» አለ ባለ ምግብ ቤቱ።

«ናስትሮው የዛሬ መሆኑን የሚናገረው የሷ ቃል ብቻ ነው። ከሌለ፣ መዝገቡ በሟች ግዴለሽነት ይዘጋል።»

ወንድምየው እጇን ያዘ። «እታለም… የትናንት ነው በይ። ተሳስቻለሁ በይ። እሱ እንደሆነ አይመለስ!»

ይህን ልጅ እናታቸው ስትሞት አደራ ብላ በእጇ ነው የተወችላት። መርማሪው ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ፤ ሊያግዛት የሚችልበት ነገር አልነበረውም። ዝም ካለች ባሏ በስሙ ሁለተኛ ይሞታል፤ ከተናገረች ወንድሟ ከነሕይወቱ ይቀበራል።

እጇን ቀስ ብላ ከወንድሟ እጅ አወጣች።

«የለጠፈው ዛሬ ነው» አለች። «ይጻፉት፤ እፈርማለሁ።»