የጋቢናው ቀበቶ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቦንጋ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ፣ በእጄ ይዤ ያላገላበጥኩትን ዕቃ ከነካርቶኑ ቢያመጡልኝም አልቀበልም፣ ሰው ሱቄ ደጃፍ ቆሞ ጫካ ውስጥ ስላየው ጥላ ሲያወራ «መጀመሪያ ዓይንህን ተመርመር» ብዬ የምቀልድ ነኝ። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሁሌ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚደርሰው አይደል፣ መብራት ይጠፋል፣ ውሻ ያላዝናል፣ ተራኪውም ከመጠጥ ቤት እየወጣ ነው። የእኔ ግን በቀን ነው የሆነው፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሽሮዬን በልቼ፣ ከውኃ በቀር ምንም ሳልጠጣ። እመኑኝ፣ ሰክሬ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ።

ነገሩ የጓደኛዬ የአስራት መኪና ጉዳይ ነው። አስራት ግብርና ቢሮ ነው የሚሠራው፣ ከልጅነት ጀምሮ አብረን ነን፣ አምና አንዲት ትንሽ ቱርቦ መኪና ገዛ። ሞተሯን ኮፈኑን ከፍታችሁ ብታዩት የልብስ ስፌት መኪና ነው የምትሉት፣ ቱርቦው ሲነሳ ግን እያፏጨች ትሄዳለች። ሰው መኪና ሲገዛ ምንጣፍና የመሪ ልብስ ነው የሚገዛው፣ አስራት ግን በሳምንቱ ሱቄ መጣና «ደምሴ፣ ዳገት ላይ እንድትጎትት ምን ይጨመርላታል?» አለኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እቀልድበት ነበር፣ ያን ቀን ግን አልቀለድኩም፣ የትኛውን ዳገት እንደሚል አውቃለሁና።

በጅማ መንገድ አንድ ዳገት አለ፣ ሾፌሮች «ሁለተኛ» ይሉታል፣ የጫነ ሁሉ ማርሽ ሁለት ሳያስገባ አይወጣውምና። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአስራት እናት፣ እትዬ አስካለ፣ በድንገት ታመው ወደ ጅማ ሲወሰዱ የተሳፈሩባት አሮጌ ሚኒባስ እዚያ ዳገት ላይ አቃታት። ጉም ነበር፣ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፣ እሳቸው ጋቢና ውስጥ በልጃቸው ትከሻ ላይ ተደግፈው ነበር። ከአናቱ በታች ካለው ትልቁ ኩርባ ላይ አረፉ። ለቅሶው ላይ ሌላው ሰው «እናቴን» እያለ ያለቅሳል፣ አስራት ግን «ዳገቱን እንኳ አላስጨረስኳትም» እያለ ነበር የሚያለቅሰው፣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን ደግሞ ሚስቱ ብርቱካን ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያዋን በቀዶ ጥገና ነው የወለደችው፣ በዚህኛው ደግሞ የደም ግፊቷ ከፍ ዝቅ እያለ ሐኪሞቹን አሳሰባቸው፣ ጅማ ሄዳ ትውለድ አሉ። ታዲያ አስራት እንቅልፍ አጣ፣ ምጥ ቢቀድማትስ፣ ጉም ቢሆንስ፣ ዳገቱ መኪናዋን ቢያቅታትስ። እና ያለኝን ሁሉ አወጣሁለት፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ኢንተርኩለር አስገጠምን፣ ሰፊ ኤር ፊልተር ቀየርን፣ ሶፍትዌሩን አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አስተካከለልን፣ ዳሽቦርዱ ላይም የቱርቦውን ግፊት የሚያሳይ ጌጅ ለጠፍን። ጌጁ ቀላል ነገር ነው፣ በአንድ ፍጥነት ስትወጡ መኪናዋ ጭነት ከበዛባት ጠቋሚው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከቀለላት ዝቅ ይላል፣ ምን ያህል እንደምትለፋ ይናገራል ማለት ነው፣ ይሉኝታ የለውም።

እንግዲህ ለፈተናው የብርቱካን ክብደት ያስፈልገናል፣ እሷን ጭነን ዳገት ላይ አንሮጥ። ብልሃቱ የእኔ ነበር፣ ከቡና ነጋዴው ሚዛን ላይ እሷን አቆምናት፣ እየሳቀች ነው የቆመችው፣ ከዚያ በልኳ አንድ ጆንያ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ሞላን። እናቷ እትዬ ወርቅነሽ ግን የነጋዴው ደጃፍ ላይ ቆመው ፊታቸው ጠቆረ።

«ያልወለደች ሴት በሚዛን ትሰፈራለች እንዴ?» አሉ።

«እትዬ፣ ለእሷው ደኅንነት ነው።»

«ለሕፃን እንኳ ሳይወለድ ልብስ አይሰፋም። እናንተ ለሰው ልክ አውጥታችሁ፣ ያንን ልክ መንገድ ላይ ስታወጡት ስታወርዱት፣ ቦታው ባዶ የሆነ ጊዜ ማን ይቀመጥበታል?»

«ጀንፈሉ ነዋ» አልኳቸው፣ ብርቱካን ሳቀች፣ እሳቸው አልሳቁም። እኔም ጆንያውን ተሸክሜ ወጣሁ።

ከዳገቱ ግርጌ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ከጫካው እየወረደ ነበር፣ ከመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ግማሽ ግማሻቸው ብቻ ነው የሚታየው። ጆንያውን ጋቢና አስቀመጥነው፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ጌጁን በስልኬ እቀርፃለሁ፣ አስራት ይነዳል። ገና ስንነሳ መኪናዋ ጆንያው ሰው መስሏት ቀበቶውን እሰሩለት ብላ «ቲን፣ ቲን፣ ቲን» ማለት ጀመረች፣ እየሳቅን ጆንያውን እንደ ሰው በቀበቶ አሰርነው፣ ዝም አለች። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ወንበሩ ላይ ክብደት ካለና ቀበቶ ካልታሰረ ትጮኻለች፣ ካልሆነ አትጮኽም። ዳገቱን ያለ ችግር ወጣነው፣ ቱርቦው ሲያፏጭ ደስ ይላል፣ አስራት አናቱ ላይ ሲደርስ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥርሱን አየሁት።

ለማነፃፀር ባዶዋን መሞከር ነበረብን። ወደ ግርጌው ተመልሰን ጆንያውን እዚያ ካለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አኖርነው፣ እኔ ከኋላ፣ ጋቢናው ባዶ፣ ተነሳን። በዚያው ፍጥነት ስንወጣ ጠቋሚው እንደጠበቅነው ዝቅ ብሏል፣ «ይኸው» እያልኩ እቀርፃለሁ። ትልቁ ኩርባ ላይ ስንደርስ ወንበሩ ሲጥጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት የሚያሰማትን ያቺን ትንሽ ድምፅ ታውቋታላችሁ፣ ወዲያው ደግሞ «ቲን፣ ቲን፣ ቲን»።

አስራት ዞሮ አላየም። እኔ ግን ሻጭ ነኝና መልስ አላጣም፣ «ጆንያው እርጥብ ነበር፣ ሴንሰሩ ውኃ ነክቶት ነው» አልኩ። ያልኩት ትክክል ሊሆን ይችል ነበር፣ ጌጁን ባላይ። ጠቋሚው ቅድም ጆንያው ሳለ ወደ ነበረበት ወጥቶ ቆሟል። ንፋስ ነው አልኩ ለራሴ፣ ቅጠሉ እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር።

አናቱ ላይ ስንደርስ ጩኸቱ ቆመ፣ ጠቋሚውም ወረደ። ወንበሩን በመሀረብ ጠረግሁት፣ ደረቅ ነው። «እንድገመው» አለ አስራት፣ ደገምነው፣ ከግርጌው እስከ ኩርባው ሰላም ነው፣ ኩርባው ላይ ያችው የወንበር ድምፅ፣ ያው ጩኸት፣ ጠቋሚው ያው። ያን ጊዜ የእትዬ ወርቅነሽ ንግግር ትዝ አለኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያሰብኩት እትዬ አስካለን አልነበረም። ያሰብኩት ብርቱካንን ነው፣ በእሷ ልክ ባዘጋጀነው ቦታ ምን ገብቶ ተቀመጠ ብዬ ፈራሁ።

«አስራት፣ እንመለስ» አልኩት።

እሱ ግን ኩርባው ላይ ዳር ይዞ አቆመ። መኪናዋ ትጮኻለች። እጁን ዘረጋና የጋቢናውን ቀበቶ ሳበ፣ ቀስ ብሎ፣ የታመመ ሰው እንዳይነካበት እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ባዶው ወንበር ላይ አሳልፎ ቆለፈው። ጩኸቱ ቆመ። ባዶ ወንበር ላይ የታሰረ ቀበቶ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ ይሰበሰብና ከመደገፊያው ጋር ይጣበቃል። ይሄኛው አልተጣበቀም። ከመደገፊያው ራቅ ብሎ፣ ደረት ላይ እንዳለፈ ሆኖ፣ አየር ላይ ቆመ። ከኋላ ሆኜ በቀበቶውና በወንበሩ መሀል ያለውን ክፍተት አየዋለሁ፣ በክፍተቱ ውስጥ የወዲያኛው መስኮትና ጉሙ ይታያል። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። በእጄ ያልነካሁትን አላምንም የምል ሰውዬ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

አስራት ከዚያ በኋላ ፈተናውን ረሳው። ቱርቦው እንኳ እስከማይሰማ ድረስ በዝግታ ነዳ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ ደግሞ በካፊኖኖ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል። ቋንቋውን እሰማለሁ፣ ግን የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም፣ ለእኔ የተነገረ አይደለም። አናቱ ላይ ስንደርስ ቀበቶው «ቸብ» ብሎ ወንበሩ ላይ ተኛ፣ ጠቋሚውም ወረደ። አስራት መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። «አስጨረስኳት» አለኝ። እኔ ማቀፍ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ፣ አብሬው አለቀስኩ፣ ግን ያ ፍርሃት አልለቀቀኝም፣ እትዬ አስካለ ካልሆኑስ እያልኩ። ጀንፈሉን ያን ዕለት ማታ እትዬ ወርቅነሽ ራሳቸው ፈትተው በተኑት፣ ምንም አልጠየቁን፣ እኛም ምንም አልነገርናቸው።

የብርቱካን ምጥ የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ከተባለው ቀን ቀድሞ፣ አስራት የፈራው ጉም ሳይቀር። ደውሎልኝ አብሬ ሄድኩ። ብርቱካን ጋቢና፣ እኔና እትዬ ወርቅነሽ ከኋላ፣ ከነሻንጣው መኪናዋ ከብዷታል። ከኋላ ትሁን ብዬ ለምኜ ነበር፣ እግሬን ልዘረጋ አልችልም ብላ እምቢ አለች። ኩርባው ሲቀርብ እጄን በእሷ መደገፊያ ላይ አደረግሁ፣ ምን ልይዝላት እንደሆነ እንጃ። ምንም አልጮኸም። ነገር ግን ጌጁን አየሁት፣ ጠቋሚው ቁልቁል ሄደ። አራት ሰው ጭና ዳገት የምትወጣ መኪና፣ ባዶዋን እንደሆነች፣ እንዲያውም ከዚያ በታች። አስራት ነዳጅ አልጨመረም፣ መኪናዋ ግን ፍጥነት ጨመረች፣ ሰዎች ከኋላ ሆነው ሲገፏት እንደሚሰማው። እትዬ ወርቅነሽ አንገታቸውን አዙረው የኋላውን መስታወት አዩ፣ ጉም ብቻ ነው፣ ለረጅም ጊዜ አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ነሱ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ብርቱካን በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። ሐኪሟ በጊዜ መድረሳችሁ ነው ያተረፋት አለች፣ እኔም ኢንተርኩለሩ ነው አልኩ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ የሳቅነው ግን እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስታዬ ነበር፣ ተመስገን ብዬ እዘጋው ነበር። ስንመለስ ብርቱካን ሕፃኗን ይዛ ከኋላ፣ እናቷ ከአጠገቧ፣ እኔ ጥግ ላይ ተጣብቄ ተቀመጥኩ፣ ጋቢና ሂድ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ዳገቱን ቁልቁል ስንወርድ ኩርባው ላይ፣ «ቲን፣ ቲን፣ ቲን»። አስራት መንገዱን እያየ እጁን ዘርግቶ ቀበቶውን ቆለፈው። ቀበቶው አየር ላይ ቆመ። ከግርጌው ስንደርስ ይተኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልተኛም፣ የጊምቦን ከተማ አለፍን፣ አልተኛም፣ ቦንጋ ገባን። ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ ወደ ጋቢናው መደገፊያ ታያለች፣ በተወለደች ሰሞን ልጅ ያን ያህል አርቃ ማየት እንደማትችል አውቃለሁ፣ ተውኝ። ቤቱ ደጃፍ ስንቆም እትዬ ወርቅነሽ ቀድመው ወረዱ፣ የጋቢናውን በር ከፈቱ፣ ቀበቶውን ፈቱ፣ ትልቅ ሰው እስኪወርድ እንደሚጠበቀው ጎንበስ ብለው ጠበቁ፣ ከዚያ በሩን በቀስታ ዘጉት። «ይግቡ» አሉ። ብርቱካን ሕፃኗን አቅፋ «እማዬ፣ ማንን ነው?» አለቻቸው፣ እሳቸውም «ማን ነው ለእንግዳ ነው የሚባለው፣ ለቤቱ ባለቤት አይባልም» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ የወንበሩን ሴንሰር ፈትቼ ፈተሽኩት፣ ጤነኛ ነው። ቢሆንም አዲስ አስመጣሁ፣ ሱቄ መደርደሪያ ላይ፣ ከካንዴላዎቹ ጎን ተቀምጧል። አስራት ሲመጣ አንዳንዴ ያየዋል። ግጠምልኝ ብሎ አያውቅም፣ እኔም ልግጠምልህ አላልኩትም። ባለፈው ሳምንት ለሥራ ጅማ ሲሄድ «ና አብረን እንሂድ» ብሎ ሱቄ በር ላይ አቆመ፣ ጋቢናው ባዶ ነው፣ ቀበቶው ግን ታስሯል። ከመደገፊያው ጋር መጣበቅ አለመጣበቁን አላየሁም፣ ሆን ብዬ ነው ያላየሁት። ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩና፣ ሰው ባይኖርም ያሳደጉኝ ሰዎች እንዳስተማሩኝ፣ «ደህና አደሩ» አልኩ።