የተወችው ቦታ

ፅጌረዳ ከተቀበረች በኋላ ባሏ ይበልጣል የተናደደው በሞት አልነበረም። በሞት ለመናደድ አቅም አጣ። የተናደደው በአንድ ጥቅል ሽቦ ነው። ከአሮጌ መኪና ማስነሻ ላይ የፈታው፣ ሶሌኖይድ የሚሉት፣ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ብረት የሚስብ ነገር፣ ዛሬም ከአልጋው ሥር ሣጥን ውስጥ አለ። አንድ ዓመት የበላባቸው እሱ ነው። ሌላ ሰው አንድ ዓመት ቢባክንበት ይካካስለት ይሆናል፤ እነሱ ግን ሲጀመርም የተሰጣቸው ትንሽ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከአርብ ገበያ በታች፣ ከምንጩ የሚወርደው ቦይ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው። በቀኝ የፅጌረዳ አባት የአያ ፈንታ ማሳ፣ በግራ የይበልጣል እናት የወይዘሮ የኔነሽ ማሳ አለ። ውኃው አንድ ቀን ወደዚያ፣ በማግሥቱ ወደዚህ ይሄዳል። ይህን ተራ በድንጋይና በጭቃ እያዞሩ ያቆዩት የውኃ አባት ጉልበታቸው ሲደክም፣ አርብ ገበያ ውስጥ ስልክና ሬዲዮ ወደሚጠግነው ወደ ይበልጣል መጡ።

«የሞተ ሬዲዮ ታስነሣ የለም እንዴ? አንድ ቆርቆሮ ወዲህና ወዲያ ማድረግ ያቅትሃል?» አሉት።

አያቅተኝም ለማለት ቸኮለ።

በዚያው ሰሞን ፅጌረዳ ስልክ ልታስጠግን ወደ ሱቁ ጎራ አለች። ደብረ ታቦር የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ መመለሷ ነበር። ይበልጣል ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ አይቷት ግን አያውቅም ነበር። ያን ቀን አያት። እሷ ደግሞ ያየችው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሶሌኖይድ ነው።

«ይኼ ለምንህ ነው?»

«ለቦዩ መዝጊያ። ኤሌክትሪክ ስሰጠው ወደ እናንተ ይስበዋል። ሳቋርጥበት ሞላው ጎትቶ ወደ እኛ ይመልሰዋል።»

«እና በእኛ ተራ ቀኑን ሙሉ ስቦ ይዞት ሊውል?»

«ቢውልስ?»

«ይግላላ! ባትሪውንም ይጨርሰዋል። ሞተር አድርግበት። ሞተር የሚበላው ሲዞር ብቻ ነው፤ ከዞረ በኋላ አርፎ ይቀመጣል።»

«ሞተር የት መቆም እንዳለበት አያውቅም። ይኼ ግን ቷ ይላል፣ አለቀ።»

«ቷ ማለቱን ነው የወደድህለት?»

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።  የስልኩ ብልሽት ቆሻሻ ብቻ ነበር፤ ወዲያው ሊጠርገው ይችል ነበር።

«ይኼ ከባድ ነው» አላት። «ለሚቀጥለው ገበያ ነይ።»

«አይ ከባድ!» አለችና ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። በሚቀጥለው አርብ ግን መጣች። ከዚያ በኋላም፣ ስልኩ ድኖም፣ መምጣቷን አልተወችም። በመጣች ቁጥር ስለ ሞተሩ ትነዘንዘዋለች። እሱም ልቧን እንጂ ምክሯን አልሰማም። ለሰፈሩ ሁሉ ጨርሻለሁ ብሎ አውርቶ ነበርና።

ለሁዳዴ መግቢያ መዝጊያው ተተከለ። ጧት ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ቷ አለ፤ እልልታው ቀለጠ። በጾሙ አጋማሽ፣ ደብረ ዘይት ላይ፣ ይበልጣል ፅጌረዳን ሊጠይቅ ሽማግሌ ላከ።

በሁዳዴ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ጧት ውኃው መግባቱን ያየ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሲመለስ መሽቷል። የአያ ፈንታ ሽንኩርት ለምን እንደሚጠወልግ ማንም አልገባውም። አንድ ቀን አያ ፈንታ ከቅዳሴ ቀርተው ቦዩ ዳር ተቀመጡ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ባትሪው አለቀ። ሶሌኖይዱ ለቀቀ። መዝጊያው በገዛ ዓይናቸው ፊት ቷ ብሎ ወደ የኔነሽ ማሳ ዞረ።

ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ ቢመለሱ፣ «ልጄን ለውኃ ሌባ አልሰጥም» አሏቸው።

ይበልጣል ሮጦ ሄደ። «አያ ፈንታ፣ በመድኃኔዓለም፣ አስቤ ያደረግሁት አይደለም!»

«ሞላው ለምን ወደ እናትህ ዞረ? ወደ እኔ መዞር አያውቅም?»

 ሱቁ ውስጥ ሲገጥመው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ቀኝና ግራ እንጂ የእኔና የእርስዎ የለም። ይህን ለማን ያስረዳል? ሞላውን ቢያዞረው የእናቱ ማሳ መድረቅ ጀመረ። ትልቅ ባትሪ ቢያመጣ ጥቅሉ ግሎ ጭሱ ወጣ። ሌላ ጥቅል ቢገዛ እንደዚያው። መፍቻውን በንዴት ወርውሮ፣ መልሶ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ሲፈልገው ዋለ። ፅጌረዳ ከገበያ ቀረች፤ ስልኳም አይነሣም። ክረምቱ እንዲያ አለፈ።

ለመስቀል ደመራው ሲለኮስ በሕዝቡ መካከል አያት። ከስታለች። ሰው ወደ እሳቱ ሲያይ ተጠግታ፣ ዓይኗን ከደመራው ሳትነቅል ተናገረችው።

«አሁንም ከዚያ ሽቦህ ጋር ትታገላለህ አሉ።»

«ምን ላድርግ ፅጌ? አባትሽ ሊሰሙኝ አልፈለጉም።»

«አንተስ እኔን ሰማኸኝ? አንተ ራስህ ሶሌኖይድ ነህ። ሲይዙህ ትግላለህ፣ ሲለቁህ ወደ እናትህ ቤት ትመለሳለህ። እኔ የተውሁት ቦታ የሚቆም ነው የምፈልገው።»

 እሳቱ ፊቷ ላይ ይጫወታል።

«የመኪና መስታወት የሚያወጣና የሚያወርድ ሞተር አለ» አለች ቀስ ብላ። «በእጅህ ብትገፋው እንኳ ወደ ኋላ አይመለስም። እሱን ፈልግ።»

ደብረ ታቦር ወርዶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ አገኘው። መጀመሪያ ሲሞክረው ሞተሩ የት እንደሚቆም አላወቀምና ቆርቆሮውን አጣሞ የተያዘበትን ፍሬም ገነጠለው። ይበልጣል ሊያለቅስ ደረሰ። ፅጌረዳ በእናቷ ስልክ ደውላ ሰምታ ሳቀች። «በሁለቱም ጫፍ ማቋረጫ አድርግለት፤ መዝጊያው ሲነካው ኤሌክትሪኩ ይቋረጥ» አለችው። አደረገ።

በበጋው አያ ፈንታ ራሳቸው ሊፈትኑ መጡ። በተራቸው ቀን ወደ ማሳቸው አስዞሩና ባትሪውን በእጃቸው ነቀሉ። ጥላቸውን ዘርግተው እስኪመሽ ተቀመጡ። መዝጊያው ንቅንቅ አላለም። በዱላቸው ገፉት፤ አሁንም እምቢ አለ።

«ይኼን ማን መከረህ?» አሉ።

ይበልጣል አንገቱን ደፋ። «ልጅዎ።»

አያ ፈንታ ወደ ቦዩ ዞረው ወደ ማሳቸው የሚገባውን ውኃ አዩ። «እንግዲያ መካሪህን ውሰዳት» አሉ በመጨረሻ።

ሁዳዴ ሳይገባ ተጋቡ። ተራ ማዞሩን ፅጌረዳ ለራሷ ወሰደችው። ጧት ጧት ወርዳ ማብሪያውን ትጫናለች፤ ይበልጣልም ከበር ላይ ሆኖ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ፣ መጣች ብሎ ቁርሱን ያቀርባል። እንዲህ ትንሽ ኖሩ። ከዚያ ሕመሟ መጣ። ወደ ሆስፒታል በወሰዷት ጧት እንኳ መኪናውን አስቁማ፣ ተደግፋ ወርዳ፣ ወደ አባቷ ማሳ አዙራ ነው የሄደችው። ተራው የአባቷ ነበር።

አልተመለሰችም።

ከቀብሯ በኋላ መዝጊያውን የነካ ሰው የለም። ሞተሩ የተወችው ቦታ ላይ ቆሟል። ውኃው ሌት ተቀን ወደ አያ ፈንታ ማሳ ይፈሳል፤ የየኔነሽ ሽንኩርት ቢጫ ሆነ። «ይቅር፣ የእሷ እጅ ያረፈበት ነው» አለች እናቱ። ይበልጣልም በየጧቱ ይወርዳል፤ ጣቱን ወደ ማብሪያው ይዘረጋል፤ ይመለሳል። ባትሪው አልቆ፣ ሞላ ኖሮት፣ ራሱ ቢዞርለት ምን ነበረበት! ለዚህ ለዚህማ ሶሌኖይዱ ይሻል ነበር።

አንድ ጧት አያ ፈንታን እዚያው ቆመው አገኛቸው።

«የእናትህ ማሳ ደረቀ» አሉት።

«አልቻልሁም፣ አያ ፈንታ። የተወችው ቦታ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔስ ማሳዬ ሲጠጣ እያየሁ አይደል የማለቅሰው?» ዱላቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «ግን በስተርጅናዬ የውኃ ሌባ አታድርገኝ፣ ልጄ። እሷም ይኼን አትወድም።»

እጁን ያዙት። የሁለቱም ጣት ማብሪያው ላይ አረፈ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ቆርቆሮው ቀስ ብሎ ዞረ፤ ጫፉን ነካና ቆመ። ውኃው ለጥቂት ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ወደ ደረቀው ቦይ ገባ።

ይበልጣል ድምፁን ሰምቶ ሳያስበው ወደ ቤቱ በር ዞሮ አየ።

አያ ፈንታ ዱላቸውን አነሡ። «ነገ የእኛ ተራ ነው» አሉት። «እንዳትቀር።»