ነጩ ጀሪካን

ሟቹ ሰዓት ሠሪ በዕድሜው ሙሉ ቸኩሎ አያውቅም። ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርዱትን አሥራ ሁለት የእንጨት ደረጃዎች ሲወርድ እንኳ እያንዳንዷን ፈትሾ የሚረግጥ ሰው ነበር። ስለዚህ ትናንት አመሻሽ ላይ እዚያው ደረጃ ሥር ተዘርሮ ሲገኝ ያልተገረመ አልነበረም፤ ከሳጅኑ በቀር። ሳጅኑ «አዳልጦት ወደቀ» ብሎ ጽፎ ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ሐኪሙ እጁን ያዘው።

«ደረጃው እንጨት ነው» አለ ሐኪሙ። «ማጅራቱን የመታው ግን የብረት ጠርዝ ነው። ተረከዙን ተመልከት፣ ተፋፍቋል። ሌላ ቦታ ሞቶ እዚህ ድረስ ተጎትቷል።»

ዛሬ ጠዋት መርማሪዋ ተላከች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ቁንጫ» ይሏታል፤ ተቀምጣ ያያት የለምና። እሷም ስሙን ሰምታዋለች። «ቁንጫ ብታንስም እንቅልፍ መንሳት ታውቅበታለች» ብላ ታልፈዋለች። ሳጅኑ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ ነው፤ የትም ቤት ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው ወንበር ነው። አሁንም የሰዓት መሸጫውን ብቸኛ ወንበር ይዞ ነበር የጠበቃት።

«አለቃዬ፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አለ። «ቤቱ ውስጥ የነበረችው ሚስቱ ብቻ ናት። ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ‹አንድ ቀን አንተንም ገንዳህንም አንድ ላይ እገለብጣችኋለሁ› ብላዋለች። በመስኮት!»

«በመስኮት የሚዝት ሰው በር ዘግቶ አይገድልም።»

«ትእዛዙ ግን እስከ ስድስት ሰዓት ይዘናት እንድንገባ ነው።»

«ቀብሩስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

መርማሪዋ ሰዓት ፍለጋ ቀና አለች። ግድግዳው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ለጥገና የመጡ ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ሁለት ሲል ሌላው ሰባት ይላል፣ ሁሉም ግን እኩል ይንቀጫቀጫሉ። የእጇን አየች። አራት ሰዓት። ከዚያ በኋላ እግሯ አላረፈም።

ሚስትየው ባንኮኒው ጀርባ ቆማለች። ከትናንት ጀምሮ ያልተፈታ ሽርጥ ታጥቃለች፤ ክርና መርፌ ደረቷ ላይ እንደ ተሰካ ነው።

«ዝቻለሁ» አለች ሳትጠየቅ። «በሠላሳ አራት ዓመት ስንቴ የዛትኩበት ይመስልሻል ልጄ? አንዱንም አልፈጸምኩ።»

«የባሕር እንስሳቱን ገንዳ ለምን ጠሉት?»

«ጣውንቴ ናታ! ጠዋት ሲነሳ ‹እንዴት አደርሽ› የሚለው መጀመሪያ እሷን ነው። የእሷን ሙቀት በየቀኑ ይለካል፤ እኔን ትኩሳት ሲያነደኝ ‹ውሃ ጠጪበት› ይለኛል።» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ከዳትና እንባ ሆነ። «ልጄ፣ ያሻችሁን አድርጉኝ። ሳልቀብረው ግን አትውሰዱኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ እኔ ብቻ ልቅር?»

መርማሪዋ የባንኮኒውን ጥግ በጣቷ እየጠበጠበች፣ «ትናንት ምን ይል ነበር?» አለች።

«ምሳውን አልበላም። ‹የሰዓትን ሆድ ዕቃ ሰርቆ ፊቱን መወልወል ምን ይባላል?› አለኝ። እሱ መቼም ሰዓት ከሰው አስበልጦ ነው የሚያወራው፤ አልሰማሁትም። ፎቅ ወጥቼ መጋረጃ ስሰፋ ዋልኩ። ያ የስፌት መኪና ሲጮህ መድፍ ቢተኮስ አይሰማኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወርድ...» ጨረሰችው በእጇ።

ገንዳው ያለው ከሱቁ ጀርባ፣ ሟቹ በሚሠራበት ጓዳ ውስጥ ነው። መርማሪዋ ብዙ ሲወራለት ሰምታ ትልቅ ነገር ጠብቃ ነበር፤ ያገኘችው ግን የጉዞ ሻንጣ የምታክል የመስታወት ሣጥን ነው። ውስጧ አንድ መዳፍ የምታህል የባሕር ወለል ተዘርግታለች፦ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ሁለት ቀንድ አውጣ፣ አንዲት ብዙ እግር ያላት ቀይ ሽሪምፕ፣ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ኮራሎቹ። ኮራል አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ደስ ሲለው ይፈካል፣ ሲከፋው ይኮማተራል። የዛሬዎቹ እንደ ተጨበጠ ጡጫ ተኮማትረዋል። ሽሪምፗ በጎኗ ተኝታ እግሯን ታርገበግባለች።

መስታወቱ ላይ ውሃው የት መድረስ እንዳለበት የሚያሳይ ቀጭን ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል። ውሃው ልክ ፕላስተሩ ላይ ነው።

አጠገቡ የሟቹ ደብተር አለ። በየቀኑ አንድ መስመር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፦ ሙቀት ሃያ አምስት፣ ጨው ሠላሳ አምስት። ትናንት ጠዋትም ጨው ሠላሳ አምስት።

መርማሪዋ ተንበረከከች። ገንዳው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ብረት ነው፤ ሦስቱ ማዕዘኖቹ ዝገትና ጨው አብቅለዋል፣ አራተኛው ግን ተወልውሎ ያበራል። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ መስመር ወለሉን ተከትሎ ሄዷል። በጣቷ ነካችና ምላሷ ላይ አደረገችው።

«ኧረ አለቃዬ!» አለ ሳጅኑ በሩ ላይ ሆኖ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ፈቃድ የቆመው ያኔ ነው።

«የሟቹ ሹራብ ጀርባ ላይ ነጭ ነገር ደርቆበታል ያልከኝስ?»

«ላብ ነው ብዬ...»

«ይህን የሚያህል ላብ ያለው ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

ለሟቹ ኮራልና ውሃ የሚያቀርበው የኮራል ነጋዴ ተጠርቶ ሲመጣ ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጨው ነጥቷል። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ወደ ገንዳው ሮጠ።

«ምን አደረጋችኋቸው?» አለ። ከኪሱ አጭር ቱቦ የመሰለ የጨው መለኪያ አወጣ፣ የገንዳውን ውሃ ጠብ አደረገበት፣ ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። «ሃያ ስምንት! ጋሼ ሠላሳ አምስትን ለእግዜርም አይለውጣትም ነበር እኮ!»

«ጨው እንዴት ይቀንሳል?»

«በራሱ አይቀንስም። መጨመር ነው የሚያውቀው። ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የተነነውን ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ ነው የሚተኩት። ጋሼ ይችን አሥራ አንድ ዓመት ያቆያት በመድኃኒት አይደለም፤ በየጠዋቱ ሁለት ብርጭቆ ከነጩ ጀሪካን በመጨመር ነው። ሰማያዊው የተዘጋጀ የባሕር ውሃ ነው፤ እሱ ሌላ ሥራ አለው።»

«ነጩን ማን ሞላው?»

«እኔ፣ ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ። ሰጥቼው ወዲያው ሄድኩ። አሥር ሊትር፣ ሦስት ሳምንት የሚበቃ።»

መርማሪዋ ነጩን ጀሪካን በሁለት ጣቷ አነሳችው። ተንቦጫቦጨ። ከሁለት ሊትር አይበልጥም።

የሟቹ ሸሪክ በመጨረሻ መጣ። ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ከረባቱ የጠበቀ፣ ጥቁር ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰው ነው።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ባንኮኒ። ትናንት ሰባት ተኩል ላይ የግድግዳ ሰዓት ላደርስ ወጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ።»

«ወደ ጓዳው ገብተው ነበር?»

«እዚያ ከገባሁ ወር አልፎኛል። እኔ የምሠራው ፊት ለፊት ነው።» እያወራ የቀኝ ጫማውን ጫፍ በግራ ሱሪው ጀርባ ወለወለ።

«ኮራል አይወዱም?»

«እንዴት አልወድ! አምና ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ አሥር ቀን የተንከባከብኳት እኔ አይደለሁ? አንዲት ነፍስ አልሞተችብኝም።» የግራውን ጫማ ደግሞ ወለወለ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። መርማሪዋ ሦስቱንም ጓዳው ውስጥ ሰበሰበች። ሳጅኑ በሩን በሰውነቱ ዘጋው፤ ለዚህ እንኳ ወደር የለውም። እሷ ግን ከገንዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ገንዳው ትመላለሳለች። ከዚያ ድንገት ቆመችና አንድ ኩባያ አንስታ ከገንዳው ሁለት ጊዜ ቀድታ ባልዲ ውስጥ ደፋች። የኮራል ነጋዴው የራሱን ደም የቀዱት ይመስል አቃሰተ።

«ውሃው ከፕላስተሩ ጎደለ» አለች። «እትዬ፣ ይሙሉልኝ እስቲ።»

ሚስትየው ግራ ገብቷት ኩባያውን ተቀበለች፤ ዞር አለችና ጥግ ወዳለችው መታጠቢያ ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች።

«ኧረ እትዬ!» ሸሪኩ ዘሎ ቧንቧውን ዘጋ። «የቧንቧ ውሃ ይፈጃቸዋል! ስንት ጊዜ ነገረን? ከነጩ ነው!» ጀሪካኑን አነሳ፤ ክዳኑን ፈታ።

«ቆይ፣ ቆይ!» ነጋዴው እጁን ያዘው። «እሱም አይሆንም! አሁን የጎደለው አልተነነም፣ ተቀድቶ ነው። ጨውም አብሮት ሄዷል። ከሰማያዊው ነው የሚሞላው።»

ሸሪኩ ጀሪካኑን እንደያዘ ቀረ። ሠላሳው ሰዓት ከወዲያ ይንቀጫቀጫል።

«ሦስት ሰው፣ ሦስት ውሃ» አለች መርማሪዋ። «ሰዓት ሠሪው የሞተው እዚህ ነው። ተገፍቶ ማጅራቱ ይህን የጠረጴዛ ጠርዝ መታ፤ የተወለወለው እሱ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ሲናጋ ገንዳው አንድ አምስተኛውን ውሃ በእሱና በወለሉ ላይ ደፋ። ስለዚህ ሹራቡ ጀርባ ላይ ጨው ደረቀ፣ ከግድግዳውም ሥር። የወለወለው ሰው ውሃውን እንጂ ጨውን አላየውም፤ ጨው ደግሞ ካልደረቀ አይታይም።»

«ከዚያስ?» አለች ሚስትየው።

«ሬሳውን ደረጃው ሥር ጎትቶ ወሰደ፣ ወደቀ እንዲባል። ግን ገንዳው ጎድሏል፤ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ አየር እየሳበ ይጮኻል። መሙላት አለበት። በምን? እርስዎ ቢሆኑ ከቧንቧው ይቀዱ ነበር፤ አሁን እንዳየነው። እሱ ነጋዴው ቢሆን ከሰማያዊው፤ ጨውም ሠላሳ አምስት እንደሆነ ይቆይ ነበር፣ እኔም እስከ ዛሬ ዓመት አላውቅም። ነጩን የሚያነሳው ግማሹን የተማረ ሰው ብቻ ነው፤ ‹የጎደለውን ከነጩ ሙላ› ተብሎ የተነገረው፣ የጎደለው ተኖ ነው ወይስ ፈስሶ ብሎ መጠየቅ ግን ያልተማረ። ስምንት ሊትር ጨመሩበት አይደል? ሠላሳ አምስቱም ሃያ ስምንት ሆነ።»

«ማወቄ ወንጀል ነው?» አለ ሸሪኩ። «ማንም ነጩን ሊያነሳ ይችላል!»

«ይችላል። ጓዳው ከገቡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ወር...»

«ታዲያ ጫማዎትን ምን ነካው? ከጠዋት ጀምሮ ይወለውሉታል፣ እሱ ደግሞ ይነጣል።»

ሁሉም ወደ ታች አየ። በሚያብረቀርቀው ጥቁር ቆዳ ላይ፣ ከሶሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን ነጭ መስመር ወጥቷል፤ ባሕር ገብቶ እንደ ወጣ ሰው።

መርማሪዋ ከሟቹ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ሰዓት አነሳች። «ልባሱ የጥንት ነው፤ ሆዱ ግን አዲስና ርካሽ። የደንበኞቹን ሰዓት ሆድ ዕቃ ሲለውጡ ደረሰብዎት።»

ሸሪኩ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ፊቱ ባዶ ቤት ይመስላል።

«ለእያንዳንዱ ደንበኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ አለኝ» አለ። «‹ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተን!› አልኩት። ‹ለዚያ ነው እኔም በስሜ የምፈርመው› አለኝ። ገፋ ነው ያደረግኩት፤ እምላለሁ፣ ገፋ ብቻ።»

ሚስትየው ቀረበችው። «እኔን ሲወስዱኝ ታይ ነበር?» አለችው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንተ መቃብሩ አፍ ቆመህ፣ እኔ ታስሬ?»

 የሸሪኩ እግር ብቻ፣ ከልማዱ፣ ጫማውን ሱሪው ላይ ወለወለ።

ሳጅኑ በስድስት ሰዓት አንድ ሰው ይዞ ጣቢያ ገባ፤ ትእዛዙም ተፈጸመ ማለት ይቻላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚስትየው መቃብሩ አፍ መቆም ባለባት ቦታ ቆመች፤ ማንም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፣ ዛቻዋን ሲያወሩ የዋሉት በተለይ።

በማግስቱ የኮራል ነጋዴው ገንዳውን ሊወስድላት መጣ።

«የት?» አለችው። «ጣውንቴን? እኔ ነኝ የምፈርድባት። አስተምረኝ።»

«እትዬ፣ አድካሚ ነው። ጨውን በአንዴ ከመለስነው ይሞታሉ። ለጊዜው በየጠዋቱ የተነነውን ከሰማያዊው ይሙሉ፤ በቀን ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ሠላሳ አምስት ሲገባ ወደ ነጩ ይመለሳሉ።»

በአሥራ ሰባተኛው ቀን መርማሪዋ በዚያ ስታልፍ ገባ አለች። ሱቁ ውስጥ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ አልተቀመጠችም። ሚስትየው ጓዳው ውስጥ መለኪያውን ወደ መስኮቱ አዙራ በአንድ ዓይኗ ታያለች። ሽሪምፗ ድንጋዩ ላይ ወጥታ እንደ ባለቤት ትንጎራደዳለች፤ ከኮራሎቹ ሁለቱ አልተረፉም፣ ሌሎቹ ጡጫቸውን ፈትተዋል። ሚስትየው ደብተሩን ገለጠች። ከባሏ የመጨረሻ መስመር ሥር በራሷ ጠማማ ጽሕፈት አሥራ ስድስት ቁጥር ተደርድሯል። አሥራ ሰባተኛውን ጻፈች፦ ሠላሳ አምስት።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ፕላስተሩን አየች። ውሃው በጣት ስፋት ወርዷል። በመዳፏ ጠረጴዛውን ዳሰሰች፣ ወለሉን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው።

«ተኖ ነው» አለች ለራሷ፤ ነጩንም አነሳች።