«ይከፈት?»

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ባለፈው ሰኔ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር፣ ቢሯችን ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ፀሐይ ነው።

የምንሠራው የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ከመጀመሪያው ሁሉም ነገር የተዘጋበት... ካሜራው፣ ማይክሮፎኑ፣ ፋይሉ። አንድ ፕሮግራም የሚፈልገው ነገር ካለ ስሙን ተናግሮ ይጠይቃል። ባለቤቱ ካልፈቀደ አይከፈትም።

ሰኞ ለስደተኛ ጋዜጠኞች ልናስረክብ ነበር። እስካሁን አላስረከብንም። ሲስተሙ ላይ ሰላይ የሚገባባት አንዲት ቀዳዳ ብትቀር አገር ቤት ያለ ሰዋቸው ይታሰራል። ያቺን ቀዳዳ ስፈልግ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት ሆኖኛል።

ድንገት ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ።

«ማይክሮፎን ይከፈት?»

የጠያቂው ስም ቦታ ባዶ ነው።

አይከፈትም አልኩት።

«ካሜራ ይከፈት?»

አይከፈትም...

ምንም ፕሮግራም አላስነሳሁም። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት እንኳ የለውም።

ጋሽ ፍቅሬ ጋ ደወልኩ። ሲስተሙን አብረውኝ የነደፉት እሳቸው ናቸው። ጄኔቫ፣ ላንሲ፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለተኛው የሙከራ ኮምፒውተር እሳቸው ቤት ነው።

በሹክሹክታ አነሱት።

«ውቢት... እኔንም እየጠየቀኝ ነው።»

«ስም አለው?»

«የለውም። ሶኬቱን ንቀይ። አሁኑኑ!»

ነቀልኩ። ስክሪኑ ጠፋ።

«ነቀልኩ ጋሽ ፍቅሬ። እርስዎም ይንቀሉ።»

«እኔ ከነቀልኩ ቆየሁ።»

«ታዲያ የት ሆኖ ነው የሚጠይቅዎት?»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«በር ላይ።»

«እንዳይከፍቱ!» ብዬ ጮህኩ።

ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ... አይነሳም። ለፖሊስ ምን ብዬ ልንገር? ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሮጬ የጄኔቫን ባቡር ያዝኩ። ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ መንገድ መቀመጥ አልቻልኩም። ከፉርጎ ፉርጎ ስመላለስ ሰው ሁሉ ያየኛል።

ላንሲ ስደርስ በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል።

መስኮቱም ተከፍቷል። ቁምሳጥኑ፣ ፍሪጁ፣ መሳቢያው ሁሉ... የመድኃኒት ብልቃጡ ሳይቀር ክዳኑ ተነስቷል።

ጋሽ ፍቅሬ ወለሉ መሀል ተቀምጠዋል።

«አልፈቀድኩም» አሉኝ። «አንዱንም አልፈቀድኩም።»

ክንዳቸውን ይዤ አስነሳኋቸው። ልንወጣ ስንል ነው ያየሁት።

ከቤቱ ሁሉ ያልተከፈተ አንድ በር አለ። የመታጠቢያ ቤቱ።

እጀታውን ሞከርኩት።

ከውስጥ ተቆልፏል።