የኸሊፋ ተራ

ይህ የሆነ ነገር ነው። መንደሩ አለ፣ ሰዎቹም በሕይወት አሉ።

አርብ ነበር፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ቦታው ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ሚኒባስ አንድ ሁለት ሰው አውርዶ የሚያልፋት ትንሽ መንደር።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ምስክርነት ልንገራችሁ።

የመንደሩ ዙምባራ ነፊዎች እንዲህ ይላሉ፦ «ኢዘዲን በእነዚህ ሁለት ዓመታት፣ ጆሮው እስኪታከም ድረስ፣ አንድም ቀን ተራውን አልሳተም።»

ሴት ልጁ ብኸይታ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «ባባ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከጎኑ መብረቅ ቢወድቅ ዞር ብሎ አያይም ነበር።»

ብኸይታ አሶሳ ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው። ነፊዎቹንም ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የሚያስፈራውም ይኸው ነው...

ዙምባራ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ ዙምባራ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ ዜማ የሚወጣው ሰዎቹ ተራ በተራ ሲነፉ ነው። የምትገባውም ከፊትህ ያለው ሰው ሲነፋ ሰምተህ ነው።

ከኢዘዲን ፊት ይነፋ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ኸሊፋ ነበር።

ኸሊፋ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደረመሰበት። የመንደሩ ሰዎች ሊያወጡት ሞከሩ፣ ጭቃው ግን አላስቻላቸውም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው የጀናዛ ሶላት ሰገዱለት፣ አፈር መለሱበት፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በዚያ መንደር የሞተ ሰው ተራ እንዲሁ አይያዝም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ይነፋ» እስኪል ድረስ ባዶ ይተዋል፤ «ይነፋ» ከተባለ ሟቹ ተሰናብቶ ተራውን ለቀቀ ማለት ነው። ዜማው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ይመጣና የኸሊፋ ቦታ ላይ ሲደርስ... ዝም።

ከዚያ ኢዘዲን ይገባል።

ኢዘዲን «ይነፋ» ብሎ አያውቅም።

ጆሮው መድከም የጀመረው ወንድሙ ሳይሞት በፊት ነው። መጀመሪያ አዛን አመለጠው። ቀጥሎ ስልክ። በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጫወት፣ የሰዎቹን ፊት እያየ አብሮ መሳቅ ጀመረ። በምን እንደተሳቀ ሳያውቅ።

ብኸይታን አንጀቷን የበላት ያ ሳቅ ነው። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። የቀራት ሰው እሱ ብቻ ነበር።

የጆሮ ባለሙያ አሶሳ መጥቷል ሲባል ይዛው ሄደች።

ባለሙያው ሰራዊት ይባላል፤ ትዕግሥተኛ ወጣት ነው። የኢዘዲንን ጆሮዎች በማዳመጫ ሸፈነና በምልክት ጭምር አስረዳው።

«አባባ፣ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያነሣሉ። ትንሽም ብትሆን።»

ሰራዊት ድምፅ ላከ። ኢዘዲን ዝም።

ጨመረ። ዝም።

በጣም ሲጨምረው ኢዘዲን እጁን አነሣ። ሰራዊት ውጤቱን ሊጽፍ እጁን ከመሣሪያው ላይ አወረደ።

ኢዘዲን እንደገና እጁን አነሣ።

«አሁን ምንም አልላክሁም» አለ ሰራዊት።

የኢዘዲን እጅ ወረደ። ትንሽ ቆየ... ወጣ።

ሰራዊት ማሽኑን አጠፋው።

እጁ ወረደ... ወጣ።

«አጥፍተኸዋል?» አለች ብኸይታ። አባቷ እንደማይሰማት ረስታ ነው መሰል በሹክሹክታ።

«አጥፍቼዋለሁ» አለ እሱም በሹክሹክታ።

ብኸይታ በዙምባራ ስትጨፍር ያደገች ልጅ ናት። ዜማውን በሆዷ እያለች በጫማዋ ጫፍ ወለሉን መታ መታ አደረገች።

የአባቷ እጅ የሚወጣው ባዶው ቦታ ላይ ነበር። የኸሊፋ ተራ ላይ።

«ዶክተር» አለ ኢዘዲን ፈገግ ብሎ፣ በተሰባበረ አማርኛው። «ይሄ ጥሩ ይሰማል።»

ሰራዊት ውጭ ጠርቶ አነጋገራት። «የደከመ ጆሮ አንዳንዴ የራሱን ድምፅ ይፈጥራል። ብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ።»

እውነቱን ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ብኸይታም ልታምነው ፈለገች።

ሰራዊት ያዘዘለት የመስሚያ መሣሪያዎች ጆሮዎቹ ላይ የተገጠሙለት ቀን ኢዘዲን እንደ ሕፃን ሆነ። የራሱ ማኘክ አስደነገጠው። ሰሐን ሲቀመጥ ዘለለ። ቆርቆሮው ላይ ቅጠል ሲወድቅ ቀና ብሎ አየ።

«ብኸይታ፣ ድምፅሽ እንዲህ ወፍራም ነበር እንዴ?»

«ክፍል ሙሉ ልጅ ላይ ስጮህ ነው ባባ።»

ሳቀ። ያን ቀን በምን እንደሳቀ አውቆ ነው የሳቀው። ብኸይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ቅዳሜ ነፊዎቹ ተሰበሰቡ። አለቃቸው ሐምዳን የኢዘዲንን ጆሮ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ምንድን ነው እዚህ የተኛው? ጥንዚዛ?»

«ያንተን ሐሜት የሚለቅምልኝ ነው» አለ ኢዘዲን።

ተሳሳቁና ጀመሩ። ዜማው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ መጣ። ባዶው ቦታ ደረሰ...

ኢዘዲን አልገባም።

ዜማው ተበተነ። እንደገና ጀመሩ። ባዶው ቦታ... ኢዘዲን ዙምባራውን ከንፈሩ ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ! ደንቁረህ ያልሳትከውን ጆሮህ ሲከፈት ሳትከው?» አለ ሐምዳን። ሁሉም ሳቁ።

«ዝም አለ» አለ ኢዘዲን።

«ማን?»

«ኸሊፋ።»

ሳቁ ቆመ።

ሐምዳን ቀረብ አለው። «ኸላስ፣ በቃ ወንድሜ። ‹ይነፋ› በል። ወንድ ልጅ ባይኖርህም ከመንደሩ እንመርጣለን።»

«እየነፋ ያለን ሰው ማን ይተካዋል?»

መሣሪያዎቹን ከጆሮው አውጥቶ ለብኸይታ ሰጣት። ዙምባራውን አነሣ።

ልክ በተራው ገባ።

ከዚያ ወዲያ መሣሪያዎቹ መደርደሪያ ላይ ዋሉ። ብኸይታ ለቅዳሜና እሑድ ስትመጣ «ባባ፣ ለእኔ ስትል» ትለዋለች። ለአንድ ምሳ ያህል ያደርጋቸውና መልሶ ያወጣቸዋል።

«ሳደርጋቸው አንቺን እሰማለሁ፤ እሱ ግን ይጠፋል። ብቻውን ነው እኮ ልጄ።»

አንድ ቅዳሜ ስታየው ዙምባራው ከንፈሩ ላይ ነው፣ ጉንጩ ግን አልተነፋም። ተራው አለፈ። ነፊዎቹ ተያዩ።

«ለምን አልነፋህም?» አለችው በእጇ።

ግራ ተጋብቶ አያት። «ተነፋ እኮ። የእኔንም እሱ ነፋልኝ።»

ዙምባራውን ከከንፈሩ አወረደና...

«አሁን ቅርብ ነው» አላት።

ያ አርብ መጣ።

ብኸይታ ከሚኒባስ ወርዳ ቤት ስትደርስ በሩ ክፍት ነው። የአባቷ ጫማ ደጃፉ ላይ አለ። መሣሪያዎቹም መደርደሪያቸው ላይ።

እነሱን አፍሳ ወደ ወርቅ ጉድጓዶቹ ሮጠች።

የኸሊፋ ጉድጓድ ተደፍኖ ነበር። ሲደፈን እሷም ቆማ አይታለች። አሁን ግን አፉ ተከፍቷል። የተቆፈረ አይመስልም፤ ዙሪያው አዲስ አፈር የለም። እንዲሁ ወደ ውስጥ የሰመጠ ነው።

አባቷ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል። እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰዷቸዋል።

«ባባ!»

አልሰማትም።

ጠጠር ከሥሩ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ድንገት ብትይዘው ሊደነግጥ ነው። ፀሐይ ከኋላዋ ነበረች፤ ጥላዋ ቀድሟት ጉልበቱ ላይ እንዲያርፍ ቀስ ብላ ተጠጋች።

ጥላዋን አይቶ ዞረ። ፊቱ ላይ ፍርሃት የለም።

«መጣሽ? ነይ ስሚው እንግዲህ።»

ተንበርክካ መሣሪያዎቹን መዳፏ ላይ ዘረጋችለት።

«ካደረግኋቸው ይጠፋል» አለ።

ከንፈሯን እንዲያነብ ቀስ ብላ ተናገረች። «ካላደረግሃቸው... እኔ እጠፋብሃለሁ።»

ብዙ አያት። ወደ ጉድጓዱም አየ።

አንዱን ሰካ። መሣሪያው ትንሽ አፏጨና ዝም አለ። ሁለተኛውን ሰካ።

አንገቱን ደፋ።

«ሄደ...» አለ። «ወንድሜ ሄደ።»

አንድ እግሩን አወጣ። ሌላውን አወጣ። ብኸይታ ብብቱን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችውና ሁለቱም አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ሲያለቅስ እጁን ያዘች።

ያኔ ነው የሰማችው።

መጀመሪያ የገዛ ልቧ መሰላት። ግን ከሥር ነው፣ ከመሬቱ። አንድ ድምፅ፣ ወፍራም፣ ረጅም።

ዝም አለ።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መለሰለት። ይሄኛውን በደንብ ታውቀዋለች። የአባቷ ዙምባራ ድምፅ ነው። አባቷ ግን እዚህ ነው፣ ባዶ እጁን፣ እንባው አገጩ ላይ።

አፈሩ መቀመጫዋ ሥር ይንቀጠቀጣል። ጠርዙ ላይ ያለው ጠጠር በድምፁ ልክ እየተንከባለለ ይወርዳል።

«ቆመ አይደል?» አላት አባቷ። «አንቺ ደህና ጆሮ አለሽ። ቆመ?»

«ቆሟል፣ ባባ።»

ከሥር እንደገና ተነፋ። አሁን ቀርቧል።

ብኸይታ ተነሣች። አባቷን ከኋላዋ አድርጋ ወደ ጉድጓዱ አፍ ዞረች። በዚያ መንደር ሴት ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች እንጂ ዙምባራ ነፍታ አታውቅም። ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

በአገራቸው ቋንቋ በቤርታኛ፣ አባቷም ከታች ያለውም እንዲሰማ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ላይ በምትጮህበት ድምፅ ተናገረች።

«የኸሊፋ ተራ ይነፋ! የምነፋውም እኔ ነኝ።»