ጥርሱ የረገፈው ድንጋይ

መንደሩ በአክብሮት ፓክ የሚላቸው ሽማግሌው ሀርሶዮ ሐሙስ ማለዳ፣ ከላንጋር ተራራ ሥር ባለው የአሸዋ ካባ ውስጥ፣ እስከ ወገባቸው ድንጋይ ተጭኗቸው ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር ሪስታንቲ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ገደሉ ተንዶባቸዋል፤ ገደሉን ከሥሩ የቦረቦረው ደግሞ ሳርዋን ነው። እዚያ መቆፈር ከተከለከለ ዓመት ቢያልፈውም፣ ሳርዋን ዲጂኖውን ተሸክሞ ሲገባና ሲወጣ ያላየው ሰው የለም። የመንደሩ አለቃ ይታሰርልኝ አሉ። ሳርዋን ራሱ ሁለት እጆቹን አጣምሮ ዘረጋላት።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ ቡ» አላት፣ እመቤት እንደማለት። «ትናንት አስር ሰዓት ላይ ምንጩ ጋ ስታጠብ ድንጋይ ሲወርድ ሰማሁ። ሁሌም ይወርዳል ብዬ ተውኩት። እሳቸው ከሥሩ መኖራቸውን በምን ልወቅ?»

እጅህን አውርድ አለችው። የሦስት ልጆች አባት በዚያች ቃሉ ብቻ ዓመታት ሊታሰር እንደሚችል ታውቃለች፤ ደግሞም ሟቹን፣ በአካል አግኝታቸው ባታውቅም፣ ታውቃቸዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስትወጣ የእሳቸውን ድረ ገጽ ስትከፍት ነው የኖረችው። ሽማግሌው በቤታቸው የሰበሰቡትን የእያንዳንዱን ድንጋይ ፎቶ እዚያ አስቀምጠዋል። ከወለላቸው ሥር የቀበሩት የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ የሚስለውን መስመርም ማንም፣ የትም ሆኖ፣ በነፃ ያየዋል። ተራራው በየዘመኑ የተፋውን የአመድ ንብርብር ሃያ ዓመት የመዘገቡበትን ማስታወሻ ብቻ ገና አላወጡትም ነበር።

ሪስታንቲ እዚያ ስሟ «ጠጠር» ነው። ፀጉሯ የሸበተ ፖሊስ ማታ ማታ ስለ ድንጋይ ትማራለች ቢባል የጣቢያው ሰዎች መውጫ መግቢያ ስለሚያሳጧት ለማንም አልተናገረችም። ጥያቄዎቿን የምትመልስላት ወኒንግ ነበረች፣ ሽማግሌው ከልጅነቷ ጀምረው አስተምረው ለቁም ነገር ያበቋት። ወኒንግ የጠጠርን ፊት አይታ አታውቅም። ሪስታንቲ ግን በልቧ ወዳጄ ትላት ነበር።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሽማግሌው ጭንቅላት ከኋላ ተሰብሯል፤ አጠገቡ ሁለት ቡጢ የሚያህል ደም የነካው ድንጋይ አለ። ከገደሉ የወረደው ሁሉ ስለታም ነው፤ ይሄ ግን እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው፤ ጎኑ ላይ ነጭ ስንጥቅ አለው። ወኒንግ ለመጀመሪያ ጥያቄዋ የጻፈችላት መልስ ትዝ አላት፦ ወንዝ ያንከባለለው ድንጋይ ጥርሱ ይረግፋል፤ ከገደል የተሰበረ ግን ገና ይናከሳል።

ገለበጠችው። ከሥሩ ጥፍር የምታክል ቦታ በቅርቡ ተፍቃለች፤ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ቀለም ቀርቷል። ቀጥሎ የሟቹን ስልክ አየች። መጨረሻ የተከፈተውን ገጽ ስታነብ ፊቷ ጠቆረ፤ አንድ መስመር ወደ ደብተሯ ገለበጠችና ዘጋችው።

ቤታቸው በረንዳ ላይ የወንድማቸው ልጅ ጉንቶሮ ድንጋይ ሲደረድር አገኘችው። ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ላድርገው ብሎ ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቅ መኖሩን አልደበቀም።

«እንግዶቼ እነዚህ ናቸው ይሉኝ ነበር፣ ድንጋዮቹን። እንዲህ ያለ እንግዳ ደግሞ መቼም አይሄድ። ትናንት ቀትር ላይ መሬቷ ስትነቀነቅ ሦስት መደርደሪያ ወረደ። እስኪመሽ ከጎረቤቶች ጋር ስንለቅም ነው የዋልነው።»

ጎረቤቶቹም ይህንኑ አሉ። ሪስታንቲ አንዱን ድንጋይ አንስታ ገለበጠችው፤ ከሥሩ ነጭ ነጥብ፣ ነጥቡ ላይ ቁጥር። የጎደለ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ሰባት ቁጥር የለም። አጎቴ ሲወጡ ቦርሳቸው ከብዷቸው ነበር። ላግዝዎ ስላቸው፣ የሰው አደራ ነው፣ ለባለቤቱ ልመልስ ነው ብለው እምቢ አሉኝ።»

ቀትር ላይ ወኒንግ ከከተማ በአውቶቡስ ደረሰች። ዓይኗ አብጧል። ሪስታንቲ ትላንት አስር ሰዓት ላይ የት እንደነበረች ስትጠይቃት ሳትቆጣ መለሰች። ከተማ፣ በተከራየችው ክፍል ሆና፣ እንደ ወትሮው የረቡዕን ትምህርት በድረ ገጹ በቀጥታ ታስተላልፍ ነበር። ከከተማው እስከዚህ በሞተር ሁለት ሰዓት ነው፤ አርባ ሰባት ተማሪ አይቷታል።

ከአርባ ሰባቱ አንዷ ሪስታንቲ ነበረች። በገዛ ዓይኗ አይታታለችና ልቧ አረፈ፤ እንዲያውም በመጠርጠሯ አፈረች። ግን የሆነ ነገር ጎረበጣት። በትላንቱ ትምህርት አንድ ጥያቄ ጽፋላት ነበር፤ ወኒንግ ደግሞ የጠጠርን ጥያቄ ሳትመልስ አልፋ አታውቅም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ድረ ገጹ ላይ የቀረውን ትምህርት ከፈተች። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አቆመችውና ምስሉን አተኩራ አየችው። ከዚያ ሁሉም በረንዳው ላይ ይሰብሰቡልኝ አለች።

አለቃው ወንበር ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ከጎረቤት የመጣው ሻይና የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቴምፔ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ሳርዋን ደጅ ቀርቶ ነበር፤ ሪስታንቲ ጠርታ ከጎኗ አስቀመጠችው።

«ፓክ ሀርሶዮን የገደላቸው ገደሉ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ይሄ ድንጋይ የወንዝ ነው። ሰው ይዞት ነው ካባው የገባው።»

አለቃው ሳርዋንም ከወንዝ ሊያመጣው ይችላል አሉ።

«ይችላል። ግን የወንዝ ድንጋይ ቁጥር የለውም። ይሄ ነበረው፣ ተፍቋል። ከዚህ ቤት የወጣው ሰባት ቁጥር ነው፤ ፓክ ሀርሶዮ ራሳቸው በቦርሳቸው ይዘውት ወጡ፣ ለባለቤቱ ሊመልሱ።» ስልኳን ለአለቃው አቀበለቻቸው። «ፎቶው ድረ ገጹ ላይ አለ፤ ነጯን ስንጥቅ ያስተያዩ። ከሥሩ ያለውንም ጮክ ብለው ያንብቡልን።»

አለቃው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ቁጥር ሰባት። ወኒንግ፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ከወንዙ ያገኘችው።»

«የኔ መሆኑ ምን ያሳያል?» አለች ወኒንግ። «እኔ ከተማ እያስተማርኩ ነበር፣ ቡ።»

«ትምህርትሽን የምትጀምሪው በምንድነው?»

«በዕለቱ መስመር። ከዚህ ቤት ሥር ያለው መለኪያ የሳለውን ከፍቼ አሳያለሁ። ሁሌም።»

«ሁሌም። ልማድ ሆኖብሽ ትላንትም ከፈትሽው።» ሪስታንቲ ቪዲዮውን ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አቁማ አሳየቻቸው። «ጉንቶሮ፣ ትላንት ቀትር ላይ ምን ሆነ?»

«መሬቷ ተነቀነቀች።»

«መስመሩ ላይ ይታያል?»

ጉንቶሮ ጎንበስ ብሎ አየና «የለም» አለ። መስመሩ ከወትሮው ትንሽ መርገብገብ በቀር ልሙጥ ነበር። ሦስት መደርደሪያ ያወረደ ነውጥ አስር ሰዓት ላይ ጠቁሮ መታየት ሲገባው፣ የነውጥ ጭረት እንኳ የለም።

«ይሄ ቪዲዮ የተቀረጸው ጠዋት ነው» አለች ሪስታንቲ። «አስር ሰዓት ላይ በቀጥታ የሚተላለፍ መስሎ ተለቀቀ። ልትገድያቸው ማሰብሽን አላውቅም። መምጣትሽን ልትደብቂ ማሰብሽን ግን አውቃለሁ፤ ካባው ድረስ ለምን እንደጠሩሽ ገብቶሽ ነበርና።» ደብተሯን ከፈተች። «በስልካቸው መጨረሻ ያነበቡት፣ ስለ ላንጋር የአመድ ንብርብር የወጣ የጥናት ጽሑፍ ነው። የሃያ ዓመት ማስታወሻቸው ቃል በቃል። ጸሐፊው አንድ ስም ብቻ ነው፣ ያንቺ።»

ወኒንግ የቀዘቀዘውን ሻይ ከፊቷ ገፋ አደረገች።

«ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ድንጋዩን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ይሄ ያንቺ ነው፣ ያንቺን ውሰጂ፣ የኔን መልሺ፤ ለሰው አልናገርም አሉኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ንብርብሩን ያሳዩኝ ጀመር፣ እንደ ልጅነቴ። እዚያ ጋ ነው...» አልጨረሰችውም።

«በያዝሽው ድንጋይ መታሻቸው፤ ከዚያ ድንጋይ ናድሽባቸው። መሬቷ ስለተነቀነቀች ማንም አይጠይቅም ብለሽ ቁጥሩን ፍቀሽ ሄድሽ። ጥፋቱን ለዚህ ሰው ተውሽለት።»

ሳርዋን ሁለቱን እጆቹን ገልብጦ አያቸው። «እንግዲያው እኔ አይደለሁም» አለ ቀስ ብሎ፤ ደጋግሞም አለው። ከዚያ አለቀሰ።

ወኒንግ ቀና አለች። «ድንጋዩ የወንዝ መሆኑን ከየት አወቁት?»

«ወንዝ ያንከባለለው ድንጋይ ጥርሱ ይረግፋል፤ ከገደል የተሰበረ ግን ገና ይናከሳል።»

የወኒንግ ፊት ተለወጠ። «ይሄን የጻፍኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ለጠጠር። ጠጠር እኔ ነኝ።»

ሪስታንቲ ተናዳለች፤ ንዴቷም የፖሊስ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በደከማት ቀን ሁሉ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች በዓለም ላይ ቅንነት ለመኖሩ ማረጋገጫ መስለዋት ነበር። አንዷ ሌላውን በገዛ ማስታወሻው ሸጣ በገዛ አደራዋ ገደለችው።

መኪናው ዘንድ ሲደርሱ ወኒንግ ቆመች። አንቱታው ቀረ፤ እንደ ድሮ መልእክታቸው አናገረቻት።

«የትላንቱን ጥያቄሽን ዛሬ አየሁት። ነፋስ በሌለበት፣ መኪና በማያልፍበት፣ መሬት ባልተነቀነቀችበት ሰዓት መስመሩ ለምን ይርገበገባል ብለሽኝ ነበር። ባሕሩ ነው። ማዕበሉ ሩቅ ሆኖም የባሕሩን ወለል ይመታል፤ ያ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

መልሱ እንደ ሁልጊዜው አጭርና ግልጽ ነበር። ሪስታንቲ አመሰግናለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ ለሦስት ዓመት የለመደችው ቃል ነበር። ሳትለው በሩን ዘጋችባት።