የብልጭታ ዋስ

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። መጀመሪያ የጓሮ ጉድጓዶች ደረቁ። ቀጥሎ በየቤቱ ቧንቧ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ሆነ፤ ኋላም ቧንቧውን ሲከፍቱት ነፋስ ያፏጭበት ጀመር። ሰፈሩ በአንዲት ቦኖ ላይ ተንጠለጠለ። ለቦኖዋ ውሃ የሚስበው ሞተር በቆርቆሮ ቤት ተቆልፎበት ይኖራል። ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ይውላል። አብረው ያረጁ ጎረቤቶች በወረፋ ተኮራረፉ። ልጆች ፊታቸውን ሳይታጠቡ ትምህርት ቤት ሄዱ። በመጨረሻም ሞተሩ ተሰረቀ።

የተሰረቀው ሰፈሩ በሙሉ ስለ ውሃው ሊመክር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በተሰበሰበበት ከሰዓት ነው። የቆርቆሮ ቤቱ ቁልፍ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ተቆርጧል። በሰፈሩ መቁረጫ ያለው አንድ ሰው ነው፤ በያጁ። ልጆች «ብልጭታ» ይሉታል። ከስብሰባውም ቀርቷል። ለሰው ይኸው በቃው።

ከመሥሪያ ቤቱ ጎትተው ሲያወጡት ቀጮ እዚያ ነበረች። ቀጮ የሚለውን ስም ያወጣላት ራሱ ብልጭታ ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቷ ቁመቷ እንጂ ጎኗ አላደገም። አንዱ በብረት ራሱን ፈነከተው። የት ነበርክ ይሉታል። እሱ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ «እኔ አልነካሁም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ዓይኑ በሕዝቡ ላይ ዞረና ቀጮና እናቷ ጋ ሲደርስ ቶሎ ወደ መሬት ተመለሰ። እናቷ የእጇን አንጓ ጨምቃ ይዛታለች። ፖሊሶች ፈልቅቀው ባይወስዱት ኖሮ እዚያው ይጨርሱት ነበር።

የት እንደነበረ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሁለት ሰዎች ያውቁ ነበር። እነዚያ ሁለቱ ዝም አሉ።

የቀጮ እናት ልብስ አጣቢ ናት። ያለ ውሃ አጣቢ ማለት ያለ መርፌ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ደንበኞቿ አንድ በአንድ አንሶላቸውን እየሰበሰቡ ሄዱ። በአጥሯ ሥር ደግሞ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያልፍ ወፍራም የብረት ቧንቧ አለ፤ እሱ አልደረቀም። ሌሊት ጆሮን መሬት ላይ ቢጥሉ ሲሄድ ይሰማል። እናት ብዙ ቀን ሰማችው። ከዚያ ብልጭታን ለመነችው። መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ደግማ ስትለምነው ግን ልቡ አልቻለም። ሰው ሁሉ ስብሰባ ሲሄድ መጥቶ ቧንቧው ላይ ትንሽ አፍ በየደላት። እንዲከፍሉትም አልፈቀደም።

ብረቱን ደግፋ የያዘችለት ቀጮ ነበረች። መከለያ መስታወቱ አንድ ብቻ ስለሆነ እሳቱን ከመለኮሱ በፊት «ፊትሽን አዙሪ፣ እንዳታዪው» ብሏታል። አዞረች። ግን እንዲህ ያለ ነጭ ብርሃን ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም፤ አንገቷ ሳታዘው ተመለሰ። ማታውን ዓይኗ አሸዋ የተሞላ መሰላት፤ እንባዋ ይወርዳል፣ መብራት ማየት አልቻለችም። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ስትሄድ እናቷ የምትለውን መንገድ ላይ አስጠናቻት። ነርሷ ዓይኗን ገልጣ አይታ ብየዳ አጠገብ ነበርሽ ወይ አለቻት። አቧራ ነው አለች ቀጮ።

ብልጭታ ከታሰረ በኋላ ዓይኗ ዳነ። እንቅልፏ ግን ጠፋ።

ትምህርት ቤት ሌላ ወሬ የለም። የሥነ ዜጋ ፈተና ደርሶ ነበርና ቀጮ የምታጠናው ዓረፍተ ነገር ማንኛውም ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹህ ይቆጠራል የሚለው ነበር። ጮክ ብላ ስታነበው የዴስክ ጓደኛዋ ሳቀችባት።

«ባክሽ አትፈላሰፊብን፣ ሌባ ሌባ ነው» አለቻት። «እኛ ቤት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰሃን አልታጠበም። ያንን ለመጽሐፍሽ ንገሪው።»

ቀጮ መጽሐፉን ዘጋች። እነሱ ቤት ሰሃን ታጥቧል። እናቷ ከውጭ እንዳይታይ ፍራሹን በመስኮቱ ላይ ሰቅላ፣ ጓሮ ያለውን በርሜል በጨርቅ ሸፍና፣ ሲመሽ ብቻ ነው የምትቀዳው። ፈተናው ሲመጣ ያችን ጥያቄ በትክክል መለሰች። ወረቀቱን ስታስረክብ ግን አፈረች።

የብልጭታ እናት አሮጊት ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች በመንገድ ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ በደረቀችው ቦኖ አጠገብ የሚቆመው ሰውም የሌባ እናት ይላቸዋል፣ ቀስ ብሎ፣ እንዲሰሙት አድርጎ። ምግብ በሰሃን ይዘው ወደ እስር ቤቱ ሲሄዱ ዳገቱ ከበዳቸውና ቀጮ ተቀበለቻቸው። ለእናቷ ሳትነግር አብራ ሄደች።

ብልጭታ ግንባሩ ተጠቅልሏል። በሽቦው በኩል ለእናቱ ደህና ነኝ አለ፤ የታመመ ሰው እንደሚለው። ከዚያ ወደ ቀጮ ዞረና ፈገግ አለ።

«ቀጮ፣ ዓይንሽ ተሻለሽ?»

ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ጥበቃው ጊዜው አልቋል ብሎ አስወጣቸው።

ስትወጣ በሩ ላይ መንግሥት ለብልጭታ ያቆመለትን ተከላካይ ጠበቃ አገኘች። ወጣት ናት፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ቀጮ እየፈራች አንድ ሰው የት እንደነበረ ባይናገር ምን ይሆናል አለቻት። ጠበቃዋ ትክ ብላ አየቻት።

«የመናገር ግዴታ የለበትም። አደረገ የሚለው ሰው ነው ማስረዳት ያለበት» አለች። «ሕጉ እንዲህ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ቁልፉ በመቁረጫ ተቆርጧል፣ ሰፈሩ ተቆጥቷል፣ እሱም ለእኔ እንኳ አልተናገረም። የሚያውቅ ሰው ካልመጣ ነገሩ እስኪጠራ እዚሁ ይከርማል።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሚያድረው ግን ሽቦው ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻት። ፍርድ ቤት ሄጄ እናገራለሁ አለች። እናቷ እጆቿን ከአረፋው አላወጣችም።

«እኔ እስሩን መሰለሽ የፈራሁት?» አለች። «እነሱ በጥም ሲያልቁ እኛ ጓሮ ውሃ ነበር። ይህን ይቅር የሚል ሰው አለ? ነገ የሚፈነክቱት እኛን ነው።»

«አባዬን ማን አስወጣው?»

እናቷ ማጠቧን አቆመች።

ቀጮ ገና ሳትራመድ፣ ሹፌር የነበረው አባቷ ከጭነቱ ዕቃ ጎድሏል ተብሎ ታስሮ ነበር። ያኔም ሰፈሩ ሌባ ብሎት ነበር። ዳኛው በሰው ዋስ ይውጣ ሲል ዘመድ ሁሉ አንገቱን ደፋ። የተነሱት የብልጭታ እናት ብቻ ነበሩ፤ ፊርማ ስለማያውቁ አውራ ጣታቸውን ሰማያዊ ቀለም ነክረው አትመው አስወጡት። በኋላ ዕቃውን የሰረቀው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። አባቷ በሕመም ሲሞት እናቷን «የእሳቸው ብድር አለብን» ብሏት ነበር። ቀጮ ይህን የሰማችው ከእናቷ ነው፤ ከሌላ ሰው አይደለም።

እናቷ እንደገና ወደ አረፋው ጎነበሰች። ልብሱን ጨመቀችው፤ ውሃው ካለቀ በኋላም ትጨምቀው ነበር።

በችሎቱ ቀን ቀጮ ስትነሳ እናቷ ቤት አልነበረችም። የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ አሮጊቷን ደግፋ ሄደች። የችሎቱን አዳራሽ የሰፈር ሰው ሞልቶታል። ጠበቃዋ አንዲት ልጅ የምታውቀው ነገር አለ ብላ አቀረበቻት። ብልጭታ አያትና ራሱን ነቀነቀ፤ ተመለሺ ማለቱ ነበር።

ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። እንዳትፈሪ፣ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ አሏት። ተናገረች። ድምጿ ከአዳራሹ በላይ ሆነ። ብልጭታ በዚያ ከሰዓት ከእነሱ ጓሮ እንዳልተነቃነቀ፣ መቁረጫውም እዚያው እንደነበረ አስረዳች። ዳኛዋ ቀኑ ያው መሆኑን በምን አወቅሽ አሏት።

«በዓይኔ ሕመም» አለች። «እሳቱን አየሁት። በማግሥቱ ያየችኝን የጤና ጣቢያዋን ነርስ ጠይቋት፤ አቧራ ነው ብዬ ዋሸኋት። ያመነችኝ አይመስለኝም።»

«ምን ነበር የሚበይደው? ማንስ አሠራው?»

ቀጮ ከኋላዋ አዳራሹ ሲያጉረመርም ይሰማታል። ዳኛዋ ጠበቋትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በወላጅሽ ላይ እንድትመሰክሪ ማንም አያስገድድሽም አሏት።

ያኔ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ተነሳ። ዘወር አለች። እናቷ የሥራ ሽርጧን እንደታጠቀች ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጠች እግዜር ይወቅ።

«ያሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «የላይኛውን ሰፈር ውሃ ነው ያስጠለፍኩት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ዳኛዋ ጸጥ አሰኙና፣ የምትናገሪው በራስሽ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ዝም የማለት መብት አለሽ ብለው አስጠነቀቋት።

«ዝምታውንስ እሱ ጨርሶታል» አለች እናቷ። «ለእኔ የተረፈ የለም።»

ዳኛዋ ብዙ ጻፉ። ነርሷ እንድትጠራ፣ የጓሮው ቧንቧ እንዲታይ አዘዙ። የተፈነከተውን ግንባር አይተው ማን እንደመታው እንዲጣራ ሲያዙ አንዳንድ ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ከዚያ ተከሳሹ ምርመራው እስኪያልቅ በሰው ዋስ መውጣት ይችላል አሉና ቀና አሉ።

«ዋስ የሚሆን አለ?»

ከሰፈሩ ሰው የተነሳ የለም። አሮጊቷ ብድግ ሊሉ የቀጮን ትከሻ ያዙ። እናቷ ግን ቀድማ በመደዳው መሃል አልፋ ጠረጴዛው ፊት ደርሳ ነበር። ቤቷ የራሷ መሆኑን ጠየቋት፤ የራሴ ነው አለች። ጸሐፊው የቀለም ሳጥኑን ገፋላት። አውራ ጣቷን ነከረችና አተመች። ስትዞር ከአሮጊቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ገላገልሽው፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። ብልጭታን ይሁን ሟቹን የቀጮን አባት፣ አልገለጹም።

የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው በጓሮው ቧንቧ ላይ የተበየደውን አፍ ቆረጡት፤ የቀጮ እናት ጉዳይም በሌላ ቀን ይታያል ተባለ። ሞተሩን የወሰደው ገና አልታወቀም። በማግሥቱ ጠዋት ቀጮና እናቷ ጀሪካን ይዘው ሞተሩ ከጠፋ ወዲህ ለሰፈሩ ውሃ በሚያመጣው ጫኝ መኪና ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆሙ። ከፊታቸው ያለችው ሴት ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ቀጮ ጀሪካኑን ከእናቷ ልትቀበል እጇን ዘረጋች፤ እናቷ አልሰጠቻትም። አብረው ያዙት። በእጀታው ላይ የእናቷ አውራ ጣት እስከ ጥፍሩ ሰማያዊ ነበር።